ለኔትወርክ ባለሙያው ወንድማችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጠው! ይህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ዕረፍት አይሰጠኝም።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራዎችን አስተባብራለሁ። ግቢያችን የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ የደረሰው፣ በየሕንፃው ፋይበር የተዘረጋበት ነው። የእኛን ክፍሎች ከዚህ ዋና መስመር ጋር የሚያገናኝ ደኅና ጌትዌይ ስላልነበረን ግን ኢንተርኔት ለእኛ ወሬ ብቻ ነበር።

ያየነውን አበሳ አትጠይቁኝ። አንዱ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ ባለ አንቴና ዕቃ ሰክቶልን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ትምህርት ክፍል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ እኛም ከጎረቤት ተጣላን። ስልክ ብንደውል የሚያነሳ የለም። ሌላው ደግሞ ክፍሎቹን እንኳ ሳያይ ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። ዋጋው የዓመት በጀታችንን ጠራርጎ የሚወስድ ነው፤ በዚያ ላይ በየዓመቱ የሚታደስ የፈቃድ ክፍያ አለው። «ዩኒቨርሲቲ አይደላችሁ እንዴ?» አለን፤ ማብራሪያው ይኸው ነበር።

ይህ ልጅ በወዳጅ ጥቆማ ሲመጣ የዕቃ ስም አልጠራም። «ስንት ክፍል አላችሁ? በፈተና ሰሞን በአንድ ጊዜ ስንት ኮምፒውተር ይከፈታል? መስመሩ እስከ ክፍላችሁ የሚደርሰው በፋይበር ነው ወይስ በመዳብ ገመድ?» ብሎ ጠየቀና መልሱን በደብተሩ ጻፈ። ከዚያ ገመዶቹ ወደሚገናኙበት ብረት ሣጥን ሄዶ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ። አንዲት ሰማያዊ ገመድ ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካት። «ያ ባለ አንቴና ዕቃ ለእናንተ ኮምፒውተሮች ብቻ ማደል የነበረበትን የኔትወርክ አድራሻ ለጎረቤትም እያደለ ነበር» አለኝ። እኔ የገባኝ ከግድግዳው ማዶ «መጣ! መጣ!» የሚለው ጩኸት ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን መጋዘን ያሳዩኝ ማለቱን ነው። ከአሮጌ ወንበሮች ሥር፣ ከነካርቶኑ አቧራ የለበሰ የሲስኮ ራውተር አገኘ፤ ያ ያጣነው ጌትዌይ መሆን የሚችል ዕቃ ነው። አዲስ ሸጦልን ቢያተርፍ ማን ይጠይቀው ነበር? «ይህ ይበቃችኋል፤ ስትሰፉ ያን ጊዜ ትገዛላችሁ» አለ። ለግቢው የአይሲቲ ዳይሬክቶሬት ደውሎ የምንጠቀምበትን አድራሻ ካስፈቀደ በኋላ አስተካክሎ ገጠመው። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስከፍቶ እስኪፈትን ድረስም ክፍያ አልተቀበለም።

የይለፍ ቃሉንም በፖስታ አሽጎ በእጄ ሰጠኝ። ይህን ቀላል ነገር እንዳትሉት፤ የይለፍ ቃል ይዘው እየጠፉ ለእያንዳንዷ ጥገና የሚያስለምኑ ስንት አሉ! እያንዳንዱን ገመድ በፕላስተር ላይ ጽፎ ምልክት አድርጎበታል። ለቤተ ሙከራ ረዳታችንም ከምሳ ሰዓቱ ቀንሶ አስተምሮታል።

ኮሌጅም ሆነ ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ደግሜ እላለሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩት! ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ተማሪ ሳይገባ በክረምት ብትይዙት ይመረጣል፤ መስከረም ላይ አይገኝም።