ድመት ኖሯችሁ አገር ቤት ለምትሄዱ፦ ለጠባቂ ልጅ ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ እንዳትሰጡ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ሆናችሁ ለበዓል ቲኬት የቆረጣችሁ፣ ቤታችሁም ድመት ያለ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ። «ለድመት ደግሞ ሞግዚት?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። አገር ቤት ድመት አይጧን አድና፣ ጎረቤት ዞራ ትኖራለች። እዚህ ግን አፓርታማ ተቆልፎባት ምግቧም ውሃዋም በሰው እጅ ነው።

አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ የ15 ዓመት ልጅ አለቻት፤ ጨዋ፣ ድመት የምትወድ። በቀን አንዴ መጥታ ሁለቱን ድመቶቼን ልታበላ፣ የሚጸዳዱበትንም አሸዋ ልታጸዳ በቀን 15 ዶላር ተስማማን። የ24 ቀኑን 360 ዶላር በፖስታ አድርጌ ከቁልፉ ጋር ሰጠኋት። እናቷ «ለልጅ ይህን ሁሉ!» ብላ ሳቀች። ያኔ «አንቺም አደራሽን፣ ተከታተያት» ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ፎቶው ግን በየቀኑ ይደርሰኛል። ከገና በኋላ እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ያለች ጓደኛዬ ደውላ «በረዶው አላንቀሳቅስ ብሎናል» አለችኝ። በዚያው ቀን የደረሰኝ ፎቶ ላይ ወንዱ ድመቴ ውሮ መስኮቱ ሥር ተኝቷል፣ ከጀርባው የሚታየው ሣር ላይ ግን በረዶ የለም። ለካ ልጅቷ አንድ ቀን መጥታ ብዙ ፎቶ አንስታ፣ እየቆጠበች ነው የምትልክልኝ!

የአሌክሳንድሪያዋን ጓደኛዬን ለመንኳት። በዚያ በረዶ ነድታ፣ ቁልፉን ከልጅቷ ተቀብላ ገባች። ውሮ ጥግ ይዞ ያቃስታል፤ ሽንቱ ተዘግቶበታል። ወንድ ድመት ላይ ይህ ያጋጥማል፤ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠር ይደፈናል፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ሊገድል ይችላል። አሸዋውን በየቀኑ የሚዝቅ ሰው ቢኖር ወዲያው ያውቅ ነበር፣ በሽንት የሚረጋው ጓል ይጠፋላ። አውቶማቲክ መጋቢ ገዝቻለሁ ብላችሁ የተዝናናችሁም ይህን አስቡበት፤ ማሽኑ ምግብ ይጥላል እንጂ ድመቷ መብላት አለመብላቷን አያይም። ሁለት ሦስት ቀን ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ ይታመማል።

የእንስሳቱ ድንገተኛ ሆስፒታል ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ያለ ቅድሚያ ክፍያ አልጀምርም አለ። እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ እኔ ያለሁበት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የክሬዲት ካርድ ቁጥሬን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ውሮ ተረፈ፤ ሂሳቡ 2,900 ዶላር መጣ።

ስመለስ የልጅቷን እናት ባነጋግራት «ልጅ ናት እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የገባውን ውል አፍርሻለሁ ቢል ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅድለታል። ሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር ለሚደርስ ክርክር ቀላል ችሎት አላት፤ ግን ከማኅበር እህቱ ልጅ ጋር ማን ችሎት ይቆማል? ልጅቷን አልረግምም። ገንዘቡን ሁሉ አስቀድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ልጅ ከያዛችሁ ስምምነቱ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ይሁን፣ ክፍያውም በየሳምንቱ። የድመቷን ፎቶ ተዉት፣ ቆንጆ ነው ግን ምንም አይነግርም፤ ልጅቷ የዕለቱን አሸዋ ከመዛቋ በፊት አንስታ ትላክላችሁ። ሁለተኛ ቁልፍ ቅርብ ላለ አዋቂ ሰው ስጡ። የድመታችሁ ሐኪም ዘንድ ደግሞ እናንተ በሌላችሁበት ማን መወሰን እንደሚችልና እስከ ስንት ዶላር እንደሚከፈል በጽሑፍ አስቀምጡ። ለፋሲካ የምትሄዱ፣ በዚያ ሰሞን በየሱቁ የሚሸጠውን ነጭ ሊሊ አበባ ከቤት አውጡ፤ ብናኙን ከጸጉሯ ላይ ብትልሰው እንኳ የድመት ኩላሊት ያጠፋል።