«የፎርማል ምሽት ፓኬጅ» ሲሸጡላችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ

በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ቲኬት የቆረጣችሁ ወይም ልትቆርጡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህችን ሳታነቡ ተጨማሪ ክፍያ እንዳትፈጽሙ። ፎርማል ምሽት ማለት ተሳፋሪው በክት ልብስ ለእራት የሚቀርብበት ምሽት ነው፤ ቱክሲዶ ደግሞ ከቢራቢሮ ከረባት ጋር የሚለበሰው ጥቁር የድግስ ሱፍ። ወኪሉ ደውሎ «የፎርማል ምሽት ፓኬጅ አለን፤ ቱክሲዶው ካቢናችሁ ድረስ ይመጣል፣ ከካፒቴኑ ጋር ትጠጣላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ» ካላችሁ «ይቅርብኝ» ብላችሁ ስልኩን ዝጉ። እኔ «እሺ» ብዬ ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው።

ከባለቤቴ ጋር የ7 ሌሊት ጉዞ የያዝነው ከመነሻው 14 ወር ቀደም ብለን ነበር። ቀድሞ የያዘ ጥሩ ካቢን ያገኛል ስለተባለ። ወኪሉ በዚያው ሳምንት ፓኬጁን ይዞ መጣ። ዋጋው የአንድ ሰው ቲኬት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ሙሉውን ቅድሚያ የሚከፈል፣ ተመላሽ የማይደረግ። «ሁለት ፎርማል ምሽት አለ፤ ያለ ቱክሲዶ ዋናው ምግብ ቤት አያስገቡዎትም» አለኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያኔ እውነት ነበር። ሁለተኛው ያኔም ውሸት ነው፤ የኩባንያው ደንብ ጥቁር ሱፍ ከነከረባቱ ይቀበል ነበር። ጥቁር ሱፍ ደግሞ ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎልኛል። ደንቡን ራሴ ከፍቼ ባነብ ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር፤ ይህን ጥፋት በማንም ላይ አላላክክም።

በ14 ወሩ ውስጥ ኩባንያው ደንቡን ቀየረ። «ፎርማል» የሚለው ቃል ወጣ፣ ሁለቱ ምሽት አንድ ሆነ፣ ኮትና ከረባት «እንደ ምርጫዎ» ተባለ። ለእኛ የነገረን የለም። ኩባንያው ድረ ገጹ ላይ ለጥፎታል፤ ወኪሉ ወይ አላየውም ወይ አይቶ ዝም ብሏል።

መርከቡ ላይ በወጣን ቀን ቱክሲዶው በጥቁር የልብስ ከረጢት ተሸፍኖ የካቢኑ በር ላይ ተሰቅሎ ጠበቀን። ሱሪውን ስለካው ተረከዜን አልፎ ወለል ይጠርጋል። ልኬን ከ14 ወር በፊት በፎርም ሞልቼ ነው የላክሁት፤ ቁጥሩም ትክክል ነው፤ የመጣው የሌላ ሰው ሱሪ ነው። መርከቡ ላይ የሚያሳጥር ሰው እንደሌለ፣ ኪራዩንም የሚያውቀው የብስ ላይ ያለው ድርጅት እንደሆነ ተነገረን። ባለቤቴ ከቦርሳዋ ሦስት መርፌ ቁልፍ አውጥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «አትንቀሳቀስ፣ ሥጋህን እወጋሃለሁ» እያለች ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈችልኝ። የተጨማደደውን እንዳንተኩስ ካውያ ካቢን ውስጥ ክልክል ነው። ይህ የእኛ መርከብ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ካውያም ሆነ በእንፋሎት የሚሠራው መተኮሻ ለእሳት አደጋ ስለሚያሰጋ ኩባንያዎቹ ሻንጣ ሲፈተሽ ይይዙታል፣ ጉዞው ሲያልቅ ይመልሱታል። ያለን ዘዴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰቅሎ የፈላ ውሃ መክፈት ነበር። ቀለል ያለውን ያቃናል፤ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ረጅም ቀሚስ ላይ ግን ብዙም አይሠራም፣ ባለቤቴን ጠይቋት።

ምሽቱ ደረሰ። ካቢን ውስጥ የሚቀመጠው የዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት ላይ የአለባበሱ መስመር ትንሽ ናት፤ ለምሽቱ የሚመጥን፣ እንደ ፍላጎትዎ፣ ትላለች። ሊፍት ውስጥ አንዲት የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችኝና እናቷን «አስማተኛው እሱ ነው?» አለቻት። እናትየው አፈረች። እኔ ግን ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳይ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ባለ ኮሌታ ቲሸርት፣ የጥጥ ሱሪ፣ የአበባ ቀሚስ፣ አልፎ አልፎ አንድ ኮት። ከአስተናጋጆቹና ከሙዚቀኞቹ ሌላ ቢራቢሮ ከረባት ያሰርሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም፣ ደንቡን አንብበው ነው የመጡት።

በማግስቱ የእንግዳ አገልግሎት ጠረጴዛ ጋ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ትሁት ናት፣ አታስቀይምም። «ፓኬጁን የሸጥንልዎ እኛ አይደለንም፤ ከወኪሉ ጋር ይነጋገሩ» አለችኝ። ስመለስ ለወኪሉ ደወልኩ። «ልብሱ ደርሶዎታል? ፎቶውን ተነስተዋል? እንግዲህ አገልግሎቱን አግኝተዋል ማለት ነው» አለኝ። ሁለተኛው ምሽትስ ስለው «የመርከቡን ፕሮግራም እኛ አናወጣም» አለ። የቲኬቱን ውል አውጥቼ አነበብኩት። ኩባንያው ፕሮግራሙንም አገልግሎቱንም በፈለገ ጊዜ መቀየር እንደሚችል በደቃቃ ፊደል ሰፍሯል። እንዲህ ያለ አንቀጽ የሌለበት የመርከብ ቲኬት ብትፈልጉም የምታገኙ አይመስለኝም። ስለዚህ የአለባበስ ደንብ ላይ ተመሥርቶ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ የሸጠላችሁ ሰው ላሟን አያስራትም።

አሁን ፓኬጁን እንበትነው፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚህ ነው። «ከካፒቴኑ ጋር መጠጣት» የተባለው መርከቡ መሐል ያለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ለተሳፋሪ ሁሉ የተዘጋጀ አቀባበል ነው። ካፒቴኑ ደረጃው ላይ ቆሞ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ፣ ብርጭቆ ዞረ፣ አለቀ። ቁምጣ የለበሰውም ጠጥቷል። «የፎቶ ፕሮግራም» የተባለውም እንደዚሁ ነው። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ በእንዲህ ያለው ምሽት ፎቶ አንሺዎች መጋረጃ ዘርግተው፣ መብራት አቁመው ይጠብቃሉ። መነሳቱ በነጻ ነው፤ የምትከፍሉት የወደዳችሁትን ስትወስዱ ነው፣ ካልወደዳችሁት ትታችሁት ትሄዳላችሁ። የእኛ ፓኬጅ አንድ የታተመ ፎቶ ይጨምራል። ያችን አንዲት ፎቶ እዚያው ብገዛት የፓኬጁን ሩብ አትሞላም። «ዋናው ምግብ ቤት የተያዘ ጠረጴዛ» የሚለውማ ቲኬቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እንግዲህ ከአራቱ ነገር ሦስቱ የራሳችን ነበሩ፤ የተሸጠልን አንድ የታተመ ፎቶና የሌላ ሰው ሱሪ ያለው ቱክሲዶ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ፎርማል ምሽት የሚባል ነገር ቀርቷል» ብላችሁ በቲሸርት እንዳትሄዱ። በዚያ በኩልም የሚከስር አለ፤ ምክንያቱም ከኩባንያ ኩባንያ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ኖርዌጂያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. «ፍሪስታይል» (እንደ ፈቀዳችሁ) ያለውን አሠራር ሲጀምር የተመደበ የእራት ሰዓትንም የግዴታ ፎርማል ምሽትንም አብሮ ነው የጣለው። ሴሌብሪቲ በ2015 እ.ኤ.አ. ፎርማል ምሽቱን አንስቶ «ኢቭኒንግ ሺክ» (ያማረ የምሽት አለባበስ) በሚል ተካው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የውቅያኖስ መርከቡን ያሰማራው ቫይኪንግ ከመነሻውም ፎርማል ምሽት አላስገባም። ቨርጂን ቮያጅስ ላይ ቀይ ልበሱ የሚባልበት ምሽት አለ፣ ቱክሲዶ የሚጠይቅ የለም። ካርኒቫል «ኤሌጋንት» (ሽቅርቅር) የሚላቸው ምሽቶች አሉት፤ እስከ 5 ቀን በሚሄደው ጉዞ አንድ፣ ከ6 ቀን ጀምሮ ሁለት፤ ደህና ሱሪና ሸሚዝ ግን ይበቃል።

ኩናርድ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ እዩት። መርከቡ ኩዊን ሜሪ 2 በሳውዝሃምፕተንና በኒውዮርክ መካከል ስትመላለስ የድግሱ ምሽት ዛሬም የምር ነው። ቱክሲዶ፣ ጥቁር ሱፍ፣ ወይም የአገር የክት ልብስ ይጠበቃል። አልለብስም ያለ ሰው አይቀጣም፤ ነገር ግን ዋናው ምግብ ቤትና አብዛኞቹ አዳራሾች ይቀሩበትና ቡፌውና ጥቂት ቦታዎች ላይ ይወሰናል። እዚያ ቲኬት ቆርጦ በጂንስ የሄደ ሰው ምሽቱን ያጣል፤ እኔ የሄድኩበት ላይ ቱክሲዶ የተከራየ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ሁለታችንም የተሳሳትነው የራሳችንን መርከብ ደንብ ሳናነብ ነው።

ለምን ይቀያየራል ለሚል፣ እኔ እንደሚገባኝ ዋናው ሻንጣ ነው። ድሮ ተሳፋሪው ወደብ ድረስ ሳጥኑን አስጭኖ ይመጣ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ሰው ወደ መርከቡ የሚደርሰው በአውሮፕላን ነው፣ ለአንድ ሻንጣ የተለመደው ጣሪያ ደግሞ 23 ኪሎ ነው። ሱፉ፣ ጫማው፣ ረጅሙ ቀሚስ፣ ታኮው ሲደመር ለሁለት ምሽት ብላችሁ የሳምንቱን ቦታ ታስረክባላችሁ። በዚያ ላይ ልጆች ይዞ የሚመጣው ቤተሰብ በዝቷል። የቀድሞው ልማድ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ምሽት ላለመሽቀርቀር ነበር፤ በመጀመሪያው ሻንጣው አልተፈታም፣ በመጨረሻው ታስሮ ኮሪደር ላይ ወጥቷል። እንግዲህ ሻንጣ ከጥንትም ደንብ አውጪ ነው።

ወደ ገንዘባችን ልመለስ። ቀሪው ክፍያ የሚጠናቀቀው ብዙ ጊዜ ከመነሻው 90 ቀን ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ለአለባበስ ሰባራ ሳንቲም አታውጡ። ያ ቀን ሲቃረብ የኩባንያውን የራሱን ድረ ገጽ ክፈቱና ስለ አለባበስ የጻፈውን ቃል በቃል አንብቡ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ በስክሪንሹት ያዙት። የወኪል ቃል፣ የዘመድ ትዝታ፣ የድሮ ቪዲዮ አይቆጠርም፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ሰው ቱክሲዶ ለብሶ ታያላችሁ። ስታነቡ የምሽቱን ስም ተዉት። ስሙ ሁሌም ያምራል። የምትፈልጉት «ግዴታ»፣ «ይመከራል»፣ «እንደ ምርጫዎ» ከሚሉት የትኛው እንደተጻፈና ያልለበሰ ሰው የት መብላት እንደማይችል ነው። ከዚያ ምሽቶቹ ስንት እንደሆኑ።

ወኪሉ ከገፋችሁ በስልክ አትመልሱለት። በጽሑፍ ጠይቁት፤ የመርከቡ ደንብ ከተቀየረ ገንዘቤ ይመለሳል? ልኩ ካልሆነ መርከቡ ላይ የሚቀይርልኝ ማነው? ከፓኬጁ ውስጥ ቲኬቴ የማይሰጠኝ የቱ ነው? ለእኔ የሸጠልኝን ሰው ሦስተኛውን ዘግይቼ ብጠይቀው ርዕስ ቀየረብኝ። የምር ቱክሲዶ የሚያስፈልግበት መርከብ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት ለክታችሁ የምትወስዱትን ተከራዩ፤ መርከብ ላይ የሚጠብቃችሁ ልብስ ልካችሁ ባይሆን መመለሻ የለውም። ጥቁር ሱፍ ያለው ሰው ግን አብዛኛው ቦታ ይበቃዋል። ነጭ ሸሚዝና አንድ ከረባት ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጁም።

እስካሁን ከወኪሉ ያገኘሁት «ለቀጣይ ጉዞዎ የሚያገለግል ቅናሽ» የሚል ኩፖን ነው፤ በ12 ወር ውስጥ፣ በእነሱ በኩል ለሚገዛ ፓኬጅ ብቻ። አልተቀበልኩም። ክፍያውን በካርድ ስለፈጸምኩ ላልተሰጠው ሁለተኛ ምሽት ባንኬ ጋ አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ ደረሰኙንና የወኪሉን ማስታወቂያ አያይዤ፤ «ሁለት ፎርማል ምሽት» የሚለው በትልቁ ተጽፎበታል።

ትናንት ደግሞ ከልብስ አከራዩ መልእክት መጣ። ሱሪው ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ስለተገኘ የጉዳት ክፍያ እንድጨምር ይጠይቃል። ባለቤቴ መርፌ ቁልፉን ከመሰካቷ በፊት ሱሪው ወለል ላይ ተጎትቶ በስልኳ አንስታኝ ነበር፤ ፎቶውን ከሞላሁት የልክ ፎርም ጋር አድርጌ ላክሁላቸው። መልሳቸው ሲመጣ እዚሁ እጨምረዋለሁ።