ሰባት ገጽ ይዤ ገብቼ አንድ ገጽ ይዤ የወጣሁበት ቤት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር ጸሐፊ ሞልቷል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አንዱ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ጠረጴዛ የተከራዩ አዛውንት ናቸው። ዱሮ ፒያሳ ነበሩ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ላፕቶፓቸውንና ፕሪንተራቸውን ይዘው እዚህ መጡ።

እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ እንጀራዬ አሁንም እዚያው ነው። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመለከትኩ። ዲፓርትመንት አለፈ፣ ኮሌጅ ላይ ቆመ። እንዴት ቆመ? አንድ ጠዋት ኮሪደር ላይ አንድ ኃላፊ ማኪያቷቸውን እንደያዙ «የአንቺ ነገር ነጥቡ አልሞላም መሰለኝ» አሉኝ። በቃ፣ ውሳኔው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት የግቢያችን ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጋ ነው። እሱም አገልግሎት ነውና አስተያየት ልስጥበት። ነፃ ነው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀልጣፋ ናት፤ ወዲያው ገቢ አድርጋ ቁጥር ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አይጣል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሰብሳቢው ስልጠና ሄደዋል፣ አዳማ። ሁለተኛው ሳምንት ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። በሦስተኛው ተሰበሰቡና ጠሩኝ። ገብቼ ሳይ፣ ከአባላቱ አንዱ ፋይሌን የመለሰው የኮሌጁ ካውንስል ውስጥ ያለ ባልደረባዬ ነው። «እኛም እኮ አይተነዋል» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እስካሁን አልገባኝም።

ሻይ ላይ ይህን ሳወራ፣ በዕድሜ የገፉት ባልደረቦቼ ወዲያው ወደ 1985 ይመለሳሉ። ያ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ የተሰናበቱበት ዓመት ነው። «አንቺ እኮ እድገት ብቻ ነው የቀረብሽ» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ደሞዙ የሚጎድለው ግን ከእኔ ኪስ ነው።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ለኮሚቴው ያስገባሁትን ማመልከቻ ሰጠኋቸው፤ 7 ገጽ ነው። እርሳስ አንስተው ሙሉውን አነበቡት። ከኮሚቴው ማንም እስከ መጨረሻው ያነበበው አይመስለኝም። ገጽ 3 ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ይሄ የዘረጠጥሽው ሰውዬ አሁን የት ነው ያለው?»

«እዚያው ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይውጣ።» ሰረዙት። ግማሽ ገጽ ሄደ። እንዴት እንደተንገበገብኩ! በጣም የለፋሁበት አንቀጽ ነበር።

«ልጄ፣ ከልክለንሻል የሚል ደብዳቤ አለሽ?»

«የለኝም። በቃል ነው የነገሩኝ።»

«ታዲያ ይግባኝ የምትይው በምኑ ላይ ነው? በማኪያቶው ላይ?»

እውነታቸውን ነው። በ7ቱ ገጽ የከፍተኛ ትምህርት አዋጁን፣ 1152/2011ን፣ እየደጋገምኩ ጠቅሻለሁ። የግቢያችንን ሌጅስሌሽንም፣ የውስጥ ደንቡን ማለቴ ነው፣ ከነአንቀጹ አስገብቻለሁ። ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ የሚል አንድ መስመር ግን የለውም። በ2012 የወጣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1183፤ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ ይሁን ይላል። ቁጥሩን አዛውንቱ በቃላቸው ነገሩኝ። እኔ ሦስተኛ ዲግሪ ይዤ ስሙንም ሰምቼው አላውቅም።

ግልባጭ ላይ ተከራከርን። እኔ 8 መሥሪያ ቤት ደርድሬ ነበር፣ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለበት። «እንባ ጠባቂ የሚኬደው እዚህ ያለው በር ሁሉ ከተንኳኳ በኋላ ነው» አሉ። «አሁን ስሙን ከጻፍሽው ማስፈራሪያ ይሆናል። የፈራ ሰው ደግሞ አይፈርምም።» ለሰው ሀብት ብቻ ግልባጭ ተደርጎ ቀረ። አንድ ገጽ፣ ሦስት አንቀጽ። ጉዳዩ፦ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። 200 ብር ከፈልኩ።

በ12ኛው ቀን መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር። ካሳተምኩባቸው ጆርናሎች አንዱ ተቀባይነት ካላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም ይላል። ዝርዝሩን ፈልጌ አገኘሁት። እኔ ሳሳትም ጆርናሉ ነበረበት፤ የወጣው በኋላ ነው። አሁን የምይዘው ነገር አገኘሁ። ተመልሼ ሄድኩና ሁለተኛውን ገጽ በ150 ብር ጻፉልኝ። ያ ካውንስሉም ኮሚቴውም ውስጥ ያለው ባልደረባዬ ጉዳዬ ሲታይ ከስብሰባው እንዲነሳ የምትጠይቅ አንዲት አረፍተ ነገርም ጨመሩበት፣ ስሙን ሳያነሱ። ተነሳ። ኮሚቴው ነጥቡ እንደገና ይቆጠር ብሎ ለኮሌጁ መለሰው። ኮሌጁ እየቆጠረ ነው። ምን ያህል ብዙ ነጥብ ቢኖረኝ ነው እንዲህ የሚቆጠረው?

ለኮሚቴው ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ፤ አንዷ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ናት። ለአዛውንቱ 4። አንዷን የቀነስኩት በፕሪንተሩ ነው፤ ጠርዝ ላይ ቀለም ይጥላል፣ ከመፈረማችሁ በፊት እዩት። ወንበሩም አንድ ብቻ ስለሆነ ወረፋ የምትጠብቁት ቆማችሁ ነው፣ የሰውን ጉዳይም ሳትወዱ ትሰማላችሁ። እኔ ከፊቴ የነበሩትን ባልና ሚስት የቤት ክርክር ጨርሼ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የሉም።

ደብዳቤውን ሁልጊዜ በሁለት ኮፒ ነው የሚሰጡት። አንዱን ለመዝገብ ቤት፣ ሌላውን «ገቢ» የሚል ማህተም አስመትታችሁ ለራሳችሁ። ስልክ ቁጥራችሁንም ይቀበላሉ። እኔ ለክፍያ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ደወሉ፤ «ማህተሙን አስመታሽ?»