ስታዲየም አካባቢ ያለው ላቦራቶሪ ለፒኤስኤ ምርመራ እንዴት ነው?

ለፕሮስቴት ካንሰር ክትትል የፒኤስኤ (የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን) ደም ምርመራ ለምታደርጉ፣ ስታዲየም አካባቢ ያለው ይህ የግል ላቦራቶሪ በደም አወሳሰዱ ይመሰገናል። መርፌው ዓይናችሁ እያየ ይከፈታል፤ ስማችሁ ቱቦው ላይ የሚለጠፈውም እዚያው ወንበሩ አጠገብ ነው። መጾም አያስፈልግም፣ ቁርስ በልታችሁ ሂዱ።

ድክመቱ ስለምትወስዱት መድኃኒትና ስለነበረባችሁ ሕመም አለመጠየቁ ነው። ለፕሮስቴት ማበጥ ፊናስተራይድ የተባለውን መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰው ፒኤስኤው በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ወረቀቱ 3 ቢል እውነተኛው ወደ 6 ይጠጋል። ካልጠየቋችሁ እናንተው ተናገሩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከነበረ፣ ከታከማችሁ በኋላ 6 ሳምንት ያህል ጠብቁ። ከምርመራው በፊት ለ48 ሰዓት ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ብስክሌት ከመንዳት ታቀቡ። ያለበለዚያ ካንሰር ሳይኖር ቁጥሩ ከፍ ይልና ቤተሰብ በከንቱ ይጨነቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የውጤት ወረቀቱ ነው። ለሁሉም «መደበኛ፦ 0–4» ብሎ ያትማል። ይህ መለኪያ ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ጨርሶ አይሠራም! እሱ ከ0.1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ነው የሚጠበቅበት፤ በተከታታይ 0.2 እና ከዚያ በላይ ከመጣ፣ ወረቀቱ «መደበኛ» ቢልም፣ በሽታው ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ሐኪሙ ጋ ይቅረብ። መሣሪያቸው ምን ያህል ዝቅተኛ ቁጥር እንደሚያነብም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ክትትል ከጀመራችሁ ላቦራቶሪ አትቀያይሩ፤ መሣሪያ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። የቆዩ ውጤቶቻችሁን በየቀናቸው አስተካክላችሁ ያዙ፣ ሐኪሙ የሚያየው አካሄዱን ነው።