የአባቴን ሆንዳ መሪ ፍለጋ፦ ከሶማሌ ተራ እስከ ቢሾፍቱ

ዘንድሮ ከሜሪላንድ አገር ቤት የሄድኩት ለ5 ሳምንት ነው። ከዘመድ ጥየቃ ሌላ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ የአባቴን ሞተር ሳይክል ማስነሳት። አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበር። አስመራ ተመድቦ ሳለ፣ እዚያ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ከቃኘው ጣቢያ ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ አሜሪካዊ ወታደር ላይ ገዛት። ሆንዳ ሲቢ 350 ናት፣ የ1971 እ.ኤ.አ. ሥሪት። አባቴ ካረፈ 6 ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቢሾፍቱ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

ሞተሯ ከጠበቅነው በላይ ደህና ነበር። ያስቸገረን መሪዋ ነው። ወንድሜ ጎረምሳ ሳለ ይዟት ወድቆ በግራ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። አባቴ ሳያስቀይረው ኖረ። እኔ ግን አባቴ እንደገዛት አድርጌ ልመልሳት ፈለግኩ። የድሮ ሞተር ያላችሁ እንድትጠቀሙበት በመንገዴ ያገኘሁትን አገልግሎት ሁሉ እጽፋለሁ።

ጥፋቱ የጀመረው ገና ከመነሳቴ በፊት ነው። የታጠፈውን መሪ በስልክ ፎቶ ብቻ አይቼ ኢንተርኔት ላይ አዲስ አዘዝኩ። ሻጩ «ለሲቢ 350 ልክ ነው» ብሎ ጽፏል። ሻንጣ ውስጥ በአግድም አስገብቼው ሄድኩ። ቦሌ ላይ ፈታሹ አወጣውና ምንድን ነው አለኝ። የአባቴ ሞተር መሪ ነው አልኩት። ፈገግ ብሎ መልሶ ከተተልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ በዚህ በኩል ምስጋና ብቻ ነው ያለኝ።

ቢሾፍቱ ሞተሯን የያዙልን ጋሼ፣ አባቴን በሥራ የሚያውቁት ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። አዲሱንና አሮጌውን መሪ ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን አስተኙና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩዋቸው።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ የአሜሪካ ናት። ያመጣሽው የአውሮፓውን ነው» አሉኝ።

እኔ አንድ ሞዴል አንድ መሪ ያለው መስሎኝ ነበር። ሆንዳ ያኔ ለአሜሪካ ገበያ የሚልከው መሪ ከፍ ያለና ጫፉ ወደ ነጂው የሚመለስ ነበር። ለአውሮፓ የሚላከው ዝቅ ይላል። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የፍሪሲዮን፣ የፊት ፍሬንና የነዳጅ መስጫ ገመዶች የተቆረጡት በመሪው ቁመት ልክ ነው። የአሜሪካ ሞተር ላይ ዝቅ ያለ መሪ ስታስሩ ገመዱ ይተርፋል፣ ይጠማዘዛል፣ ፍሬኑ ይከብዳል። ጋሼ ለጊዜው አስረው አሳዩኝ። ወደ ቀኝ ሳዞረው እጀታው ሰልባቲዮውን (የነዳጅ ጋኑን) ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ሌላም ነገር አለ። የዚያ ዘመን ሆንዳ የፍሬቻ፣ የክላክስና የመብራት ሽቦዎች በመሪው ቧንቧ ውስጥ ነው የሚያልፉት። ከማብሪያዎቹ ሥር ቀዳዳ አለ፤ መሀል ላይ ደግሞ ሽቦዎቹ የሚወጡበት አለ። የኔ አዲስ መሪ አንድም ቀዳዳ የለውም። የድሮው መሪ መያዣው ውስጥ እንዳይሽከረከር መሀሉ ላይ እንደ ሞረድ ሻክሯል። አዲሱ ልሙጥ ነው።

በማግስቱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። እዚያ የሌለ የመኪና መለዋወጫ የለም ይባላል፤ የድሮ ሞተር ዕቃ ግን ሌላ ነው። አንድ ደላላ «እህቴ፣ ኦርጅናሉን አመጣልሻለሁ» ብሎ ሁለት ሰዓት አስቆመኝ። ያመጣው የቅርብ ጊዜ የቻይና ሞተር መሪ ነው። በካሊፐር ስለካው 22 ሚሊሜትር ከምናምን ነው፤ በውፍረት ገጥሟል። ይሄ ግን ብዙ ማለት አይደለም። የጃፓን ሞተሮች መሪ አብዛኛው 22.2 ሚሊሜትር ነው፣ የሃርሊ ደግሞ 25.4። ውፍረቱ መያዣው ውስጥ እንደሚገባ ይነግራችኋል እንጂ ትክክለኛው መሆኑን አይነግራችሁም። አልፈልግም ስል ደላላው የድካም ጠየቀኝ። ሰጠሁት፤ ግን ቅር ብሎኛል። ገና ሳይሄድ የምፈልገው ምን እንደሆነ በፎቶ አሳይቼው ነበር።

ሱቆቹ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች ግን ጨዋዎች ናቸው። ሦስቱ «የለንም» ብለው በቀጥታ ነገሩኝ፤ አንዱ ሻይ ጋበዘኝ።

ከሁሉም የማመሰግነው ምናለሽ ተራ አካባቢ ያገኘሁትን የቶርኖ ባለሙያ ነው። ሁለቱንም መሪ ይዤለት ሄድኩ። አሮጌውን አቃናልኝ፣ ካልሆነ አዲሱን ብሳልኝ አልኩት። አሮጌውን ወደ ብርሃን አዞረና የታጠፈበትን በጥፍሩ ፋቀው። ክሮሙ ሥር ቀጭን ስንጥቅ አለ። «ይሄን ባቃናው መንገድ ላይ እጅሽ ላይ ይቀራል» አለኝ። አዲሱንም አልበሳም አለ። ቧንቧው ስስ ነው። ከመያዣው አጠገብ በስቼው ጠርዙ ሻካራ ከቀረ ሽቦውን ይበላዋል፣ ስንጥቅም ከዚያው ይጀምራል አለ። ሁለት ሥራ እምቢ ብሎ አንድ ብር አልተቀበለኝም። ዳያስፖራ መሆኔ ከአነጋገሬ ያስታውቃል፤ የፈለገውን ቢጠራ እከፍለው ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከቁጥር ነው። የሆንዳ መለዋወጫ ቁጥር ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዕቃውን ይነግራል፤ 53100 ማለት መሪ ነው። መሀለኛው ሞዴሉን ይነግራል፤ 286 ሲቢ 350 ነው። የመጨረሻው የቱ ዓይነት እንደሆነ ይለያል። ጋሼ የአሮጌውን ስፋት፣ ከፍታና ወደ ኋላ የሚመለስበትን ልክ በሲባጎ ለክተው በወረቀት ጻፉልኝ። ቁጥሩንና ልኩን ሜሪላንድ ላለችው የአክስቴ ልጅ ላክሁላት። እሷም ከአንድ አሮጌ ሞተር የወጣ፣ ቀዳዳው ያለበትን የአሜሪካ መሪ አገኘች። ከመክፈሏ በፊት ሻጩ ሜትር አስደግፎ ፎቶ እንዲያነሳላት አደረግን። ልኩ ከጋሼ ወረቀት ጋር ገጠመ።

ዕቃው በሰው እጅ መጣ። ለፋሲካ ወደ አገር ቤት የምትመጣ የማኅበራችን እናት ከሁለቱ 23 ኪሎ ሻንጣዎቿ በአንዱ ይዛልኝ ገባች። ከማንኛውም ፖስታ ቤት ይልቅ በሰው እጅ የሚላክ ዕቃ አምናለሁ።

ልመለስ 4 ቀን ሲቀረኝ ጋሼ አሰሩት። ሽቦዎቹን በቧንቧው ውስጥ ለመሳብ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። ዱቄት ቀብተው፣ በቀጭን ሽቦ እየጎተቱ፣ አንድ በአንድ አወጧቸው። የድሮዎቹ ገመዶች ሳይተርፉም ሳያጥሩም ቦታቸው ላይ ዋሉ። ዋጋ ስጠይቃቸው ያሉኝ ከጠበቅኩት ግማሽ ነው። ጨምሬ ሰጠኋቸው፤ በግድ ነው የተቀበሉኝ።

ከዚያ ሞተሯን አስነስተው እኔን አስቀመጡኝ። «መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሪ፤ የነዳጅ መስጫው ገመድ ከተወጠረ ድምጿ ይጨምራል» አሉኝ። ወደ ግራ አዞርኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ሰልባቲዮው አስጠግተው አዳመጡ። ድምጿ አልተለወጠም።