ዋርፋሪን ወይስ ሪቫሮክሳባን?

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የልብ ምት መዛባት የልብ የላይኛው ክፍሎች በወጉ ከመኮማተር ይልቅ ይርገበገባሉ። በዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። ስለዚህ ብዙ ታካሚዎች የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፤ ነባሩ ዋርፋሪን ወይም እንደ ሪቫሮክሳባን ያለ አዲስ።

ዋርፋሪን ርካሽ ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው መደረግ አለበት፤ ለአብዛኛው ታካሚ ውጤቱ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል። በዐቢይ ጾም ጎመን የሚያዘወትር፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሥጋ የሚዞር ሰው ልኩ ቢዋዥቅ አይገርምም። መፍትሔው ጎመንን መተው ሳይሆን መጠኑን አለመለዋወጥ ነው (ይህን አስረድቶ የሚያሰናብት ሐኪም ቢበዛልን!)።

ሪቫሮክሳባን ይህ ሁሉ ክትትል የለበትም፤ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ዋጋው ግን ይከብዳል፤ የኩላሊት አቅምም መታየት አለበት።

እስከዚህ አዲሱ ያሸነፈ ይመስላል። እኛ አገር ግን የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ማለትም የልብን ቫልቮች (የደም መተላለፊያ በሮች) የሚጎዳው ሕመም፣ ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ይፋ የሆነው ኢንቪክተስ ጥናት፣ የሩማቲክ የልብ ሕመምና ይህ የምት መዛባት ካለባቸው ሰዎች መካከል ዋርፋሪንን ወይም መሰሎቹን የወሰዱት ላይ ሞት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሚትራል ቫልቩ (በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ለጠበበበት ወይም ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ለተገጠመለት ታካሚ ዋርፋሪን ነው፤ ክርክር የለውም። ቫልቩ ደህና ለሆነና አቅሙ ለሚፈቅድለት ግን ሪቫሮክሳባን ይሻላል ባይ ነኝ።