«አራት ሲገዙ ስምንት ነው» ያለኝ የበግ ነጋዴ

በግ ለማርባት የምታስቡ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ግዙ። እኔ 66 ሺህ ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ሰንዳፋ አካባቢ ሰፋ ያለ ግቢ አለን። ጥር 2017 ላይ ቴሌግራም ውስጥ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ቀንዱ የተጠማዘዘ ግርማ ያለው አውራ፣ አጠገቡ ሆዳቸው ግራና ቀኝ የተነፋ አራት እናት በጎች። «የሦስት ወር እርጉዞች፣ ከነአውራቸው» ይላል። ደወልኩ። ነጋዴው ወጣት ነው፣ ምላሱ ቅቤ ነው። «ጋሼ፣ አራት ሲገዙ ስምንት ነው፤ መጋቢት ላይ ይደውሉልኝና ይመርቁኛል» አለኝ። ያላረገዘችው 9,500፣ ያረገዘችው 12,000። አውራው 18,000። በእርግዝና ስም ብቻ 10 ሺህ ብር ጨመርኩ ማለት ነው።

አውራው በአጭር ገመድ ታስሮ ነበር። ነጋዴው ስለሱ ሲያወራ አንድ እጁ ቀንዱ ላይ ነው። በጎቹን የሚይዘው ልጅ ደግሞ በዚያ በኩል ሲያልፍ አንዴም ጀርባውን አልሰጠውም፤ እንደ ሸርጣን በጎን በጎን ነው የሚሄደው። አየሁ እኮ። ግን አይቼ ምን ገባኝ? «ለማዳ ነው፣ በጡጦ ነው ያደገው፣ ሕፃን ያጫውታል» ሲለኝ እንዲያውም ደስ አለኝ።

በኋላ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሲነግረኝ ነው የገባኝ። ሰው እጅ ላይ በጡጦ ያደገ አውራ ሰውን አይፈራም። ሰውን እንደ ሌላ በግ ነው የሚያየው፤ ሲጎረምስ ደግሞ እንደ ሌላ አውራ ይገጥመዋል። ግንባሩን እየገፉ ካጫወቱትማ ውጊያ እያስተማሩት ነው። «ለማዳ» የተባለ አውራ ሲቀርብላችሁ ማን እንዳሳደገው ጠይቁ።

ግቢ በገቡ ማግስት ጠዋት የሦስቱ ሆድ ሟሸሸ። ሌሊቱን ሙሉ ሸንተዋል። ጨው አልሰው ውሃ አጠጥተዋቸው እንደነበር አሁን ነው የማውቀው። ያን ቀን ግን «መንገድ አድክሟቸው ነው» ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ሰው የከፈለበትን ነገር ለማመን አይሰንፍም።

ሁለት ቀን ቆይቶ አውራው እኔ ላይ መጣ። መጀመሪያ ቆመ። አንገቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ አለ። የፈራኝ መስሎኝ «አይዞህ» አልኩት። ለካ እየተንደረደረ ነው! ጭኔን መትቶ አጥሩ ላይ ለጠፈኝ። በሳምንቱ ደግሞ እማዬ ፉርሽካ ልታቀርብ ጎንበስ ስትል ከኋላ ጉልበቷን መታት። ሦስት ሳምንት በምርኩዝ ሄደች።

ነጋዴው ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እርጉዞቹን እየጠበቀ እኮ ነው፤ ሚስቶቹ ናቸው» ብሎ ሳቀ። ሳቅኩ እኔም።

ነገሩን የፈቱልኝ ጎረቤታችን ናቸው። የመንዝ ሰው ናቸው፣ ከበግ ጋር ነው ያረጁት። በአጥሩ ላይ ተደግፈው ትንሽ ሲያዩ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ የሚጠብቅ አይደለም፣ የሚፈልግ ነው» አሉኝ። አውራው አንዷን እያሸተተ ከንፈሩን ወደላይ ይገለብጣል። እሷም ጭራዋን እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ቆመችለት። «ያረገዘች በግ ለአውራ ትቆማለች እንዴ?»

በዚያች ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ውሸት አንድ ላይ ተገለጠ። አውራው እንዲያ ያበደው በጎቹ ስላላረገዙ ነው። ሴት በግ ካልያዘች በየ17 ቀኑ ገደማ አውራ ትፈልጋለች፤ እሱም በዚያ ሰሞን ሰው አጠገቡ እንዲደርስ አይፈልግም። ቁጣው ራሱ ይነግረኝ ነበር፣ እኔ ግን ነጋዴውን ነበር የምሰማው።

ሐኪሙ አውራው የትኛዋ ላይ እንደወጣ በቀለሙ እንድናውቅ ቀይ አፈር በዘይት ለውሰን ደረቱን እንድንቀባው ነገረን። ለሁለት ቀንዱን ይዘን ቀባነው። በሳምንት ውስጥ የሦስቱ ዳሌ ቀይ ሆነ። የመጀመሪያዋ ጥር 26 ነበር። በግ የምታረግዘው አምስት ወር፣ ማለትም 150 ቀን አካባቢ ነው። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ሂሳቡ አያስቸግርም፦ ሰኔ 26። ወለደችም በሰኔ 27። የመጋቢቱ ምርቃት በሰማይ ቀረ።

አራተኛዋ ግን በእውነት አርግዛ ነበር። ይህን ነጋዴውም የሚያውቅ አይመስለኝም። የካቲት ላይ አውራው ገንዳው ጋ ጎኗን መትቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። በሁለተኛው ቀን ጨነገፈች። ሐኪሙ የወጣውን በባዶ እጅ እንዳንነካው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንድንቀብረው፣ እርጉዝ የሆነችው እህቴም ወደ በረቱ እንዳትቀርብ አስጠነቀቀን። ውርጃ ከምት ብቻ አይመጣም፤ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም ያመጣዋል። ደም ወስዶ መረመረ፣ በሽታ አልተገኘም። በአውራው ፈረድን።

መድኃኒት ላይም ያ ውሸት ጎድቶናል። የሆድ ትል መድኃኒት ልንሰጥ ስንል ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ስንት ወራቸው እንደሆነ ነው፤ አልቤንዳዞል በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር ለጽንሱ አደገኛ ነው። ትክክለኛ መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ «እርጉዝ» የምትባል በግ ልትገዙ ከሆነ ሆድ አይታችሁ አትክፈሉ። በግራ በኩል የተነፋው የበላችውና የጠጣችው ነው። ጽንሱ የሚበዛው በታች በቀኝ በኩል ነው፣ ያውም በመጨረሻው ወር ተኩል ካልሆነ በእጅ አይታወቅም። ግቷ መሙላት የሚጀምረውም ለመውለድ ስትቃረብ ነው። ከዚያ በፊት የሚያረጋግጥላችሁ አልትራሳውንድ ያለው ሐኪም ነው። ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ከምርመራ በኋላ። ሻጩ «አታምኑኝም እንዴ?» ብሎ ካኮረፈ ይኩርፍ። ገበያ ስትሄዱም በማለዳ ሂዱና ሁለት ሦስት ሰዓት ቆዩ፤ ጨው የላሰች በግ ውሃዋን ስታወርድ ታያላችሁ።

አውራውን ደግሞ ገመዱ ተፈቶ እዩት። ልጁ እንዴት እንደሚያልፍበት እዩ። ቤት ካስገባችሁት በኋላም ጀርባ አትስጡት፣ ግንባሩን አትደባብሱ። የደረሱ እናቶች ካሉ ለይታችሁ ከአንድ ሙክት ጋር አኑሩት፤ ብቻውን ሲሆን ይብስበታል።

እኔ ለሥጋ ቤት በ11 ሺህ ሸጥኩት። «ለዘር ነው» ብለው የደወሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሰው ይመታል አልኳቸው፣ ዘጉት። ነጋዴው ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ስደውልለት «እርስዎ ጋ ከገባ በኋላ ነው የተበላሸው» አለና ስልኬን ዘጋብኝ።

ባለፈው ሳምንት ቪዲዮው ተመልሶ ብቅ አለ። ያው አጭር ገመድ፣ ያው የተጠማዘዘ ቀንድ፣ ያው የተነፋ ሆድ። «ዛሬ የገቡ» ይላል። አውራው ከተበላ ግን ወራት አልፎታል።